የማይቀበል ባንድ

ድምፄ መጥፎ ነው። ይህን የምለው ትሕትና እንዲመስልልኝ አይደለም፤ ደባርቅ ላይ ያገኛችሁትን ሰው ብትጠይቁ ይነግራችኋል። ትምህርት ቤት ሳለሁ የመዝሙር አስተማሪያችን «አንቺ ከንፈርሽን ብቻ አንቀሳቅሺ» ብሎኛል። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ከጓሮ ስጠራት «ምን ተቃጠለ?» እያለች ነበር የምትወጣው። በዚህ ድምፅ ነው እንግዲህ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የመንገድ ላይ ባንድ የመራሁት። ያለ እኔም ባንዱ አይኖርም ነበር፤ ራስን ማመስገን እንዳይሆንብኝ እንጂ ነገሩ ይኸው ነው።

አባቴ አዝማሪ ነው። አባቱም አዝማሪ ነበር፣ አያቱም። ከዳባት ጀምሮ እስከ ሊማሊሞ አፋፍ ድረስ በጥር ወር ዳስ ከተጣለ አባቴ እዚያ አለ። በእኛ አገር አዝማሪን ዳስ ውስጥ አብረውት ይስቃሉ፣ ይሸልሙታል፣ ሞቅ ሲላቸውም ያቅፉታል፤ ልጃቸውን ግን አይድሩለትም። ከሰፈር ልጆች ጋር ስጣላ የመጨረሻዋ ስድብ «አንቺ የአዝማሪ ልጅ!» ነበረች። እኔ ግን የአባቴን ሙያ በስድብ አልጠላሁትም፤ ስድብ ለምጄዋለሁ፣ መልስም አላጣም። የጠላሁት በአንድ ጥፊ ነው።

ያኔ አሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው። እናቴ ታማ ስለነበር አባቴ ዳባት አጠገብ ወደሚገኝ አንድ የገጠር ሰርግ ይዞኝ ሄደ። ዳሱ ጥግ ተቀምጬ ዳቦ እየበላሁ እሱ ማሲንቆውን ይገዘግዛል። መሃል ላይ ከአምባ ጊዮርጊስ የመጣ አንድ የእህል ነጋዴ፣ አዲስ ጋቢ የለበሰ፣ እጁን አነሳና «ተቀበል!» አለ። ተቀበል ያለ ሰው ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው የሰማውን ሳያጎድል ሳይጨምር በዜማ ይመልሳል። አባቴም ጆሮውን ሰጠ። ነጋዴው እንዲህ አለ፦

ወሰን ገፊ ሁሉ ቀኑን ይጠብቃል፤
የሰው መሬት በልቶ በሰርግ ላይ ይስቃል።

አባቴ ተቀበለ። እንዲያውም አሳምሮ ነው የተቀበለው፤ «ይስቃል» የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ መላልሶ አንቆረቆረው። ከነጋዴው ፊት ለፊት አንድ ሌላ ሰው ተቀምጦ ነበር። ሁለቱ በእርሻ ድንበር ሲካሰሱ እንደኖሩ ከእኔ በቀር ዳሱ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ሰውየው ብድግ አለ። ወደ ነጋዴው ይሄዳል ብዬ ስጠብቅ ወደ አባቴ መጣና ግራ ጉንጩን በጥፊ አጮለው። ማሲንቆው ወደቀ፣ ጭራው ተበጠሰ።

ነጋዴውን አየሁት። ጋቢውን ወደ አፉ ሳብ አድርጎ የጠላ ዋንጫው ውስጥ ይመለከት ነበር። «እኔ ነኝ ያልኩት» አላለም። ከዚያ ሁሉ ሰው አንድም «የተናገረው እሱ አይደለም» ያለ አልተገኘም። ሽማግሌዎች ተነሡ፣ ሁለቱን ባለጠቦች አስታረቁ፣ ተሳሳሙ። አባቴስ? አባቴ የተበጠሰውን ጭራ ቋጠረና ለታረቁት ሰዎች ዘፈነላቸው።

ወደ ቤት ስንመለስ በአስፋልቱ ዳር እየሄድን ጠየቅሁት። «ለምን ‹እሱ ነው ያለው› አላልክም?»

«አዝማሪ የሰጪውን ስም አይጠራም» አለኝ።

«ጥፊውስ?»

«ጥፊው ከሥራው ጋር ነው የሚመጣ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግራ ጆሮው ደከመ። ሰው ሲያናግረው ራሱን ዘንበል አድርጎ ቀኙን ይሰጣል። ሳድግ ምንም ልሁን ምን፣ የማንንም ቃል እንደማልቀበል፣ አንድ ቀን ደግሞ አባቴንም ከዚህ ነገር እንደማወጣው ለራሴ ማልኩ። አሥር ዓመት የሞላት ልጅ ስትምል ቀልድ ይመስላችሁ ይሆናል፤ እኔ ግን እልኸኛ ነኝ።

ባንዱን የጀመርነው ሚሌኒየሙ በተከበረበት ዓመት ነው፤ ሃያ ዓመቴ ነበር። ሦስት ሆነን ጀመርን። አንዱ አብሮኝ የተማረ ክራር መቺ ነው፤ በክራሩ ላይ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ወጥሮበት ነበር። ከተበላሸ ስልክ ውስጥ የመናገሪያዋን ክፍል አውጥቶ ክራሩ ሆድ ላይ ለጠፋት፣ በመኪና ባትሪ ከሚሠራ አሮጌ ቴፕ ጋር አገናኛት፣ ክራሩም እንደ ወፍጮ ያጓራ ጀመር። እኔ ከቁራሌው ዘንድ ያገኘኋትን የተሰነጠቀች ሜጋፎን ይዤ ነበር። ሦስተኛው ዲያቆን ነው። በከተማው ውስጥ እንደሱ ከበሮ የሚመታ አልነበረም፤ በዓል ሲሆን ሰው ከሌላ ደብር ድረስ እሱን ሊያይ ይመጣ ነበር። መንገድ ላይ ግን ከበሮ አልመታም አለን።

«ከበሮ ምሳሌ አለው» አለ። «ጠፍሩ የጌታ ግርፋት ምሳሌ ነው። ገበያ መሃል አላወጣውም።»

«በርሜልስ?» አለው ክራር መቺው።

ዲያቆኑ ጥቂት አሰበ። ከዚያም «በርሜል ምሳሌ የለውም» አለ። በዚህ ተስማማንና ግማሽ የናፍጣ በርሜል ደፍተን ሁለት ዱላ ሰጠነው።

የመጀመሪያው ቀን የገበያ ቀን ነበር። መናኸሪያው አጠገብ፣ ወደ ሊማሊሞ የሚወርዱት የጭነት መኪኖች የሚቆሙበት ቦታ ላይ ቆምን። ጉሙ ገና አልተገፈፈም፤ ሰዉ የበርሜሉን ድምፅ ሰምቶ ጠብ የተነሳ መስሎት ነው የተሰበሰበው። እኔም ጮኽኩ። ምን እንዳልኩ አላስታውሰውም፤ ስለ ውኃ መጥፋት ይመስለኛል። ሁለተኛውን ዘፈን ሳንጨርስ አንድ ጎረምሳ እጁን አንስቶ «ተቀበይ!» አለኝ።

ጉንጬ ጋለ። አባቴን የመታው እጅ እኔ ላይ ያረፈ መሰለኝ። ሳላስብ ሜጋፎኗን አፉ ላይ ደቀንኩና «ራስህ በለው!» አልኩት።

ልጁ ቀይ ሆነ፣ ነጣ፣ ወደ ኋላ ሸሸ። ሰው ሳቀ። ያን ጊዜ አንድ የመኪና ረዳት ዘሎ መጣና ሜጋፎኗን ከእጄ ተቀበለኝ። ስለ ሾፌሩ ገጠመ፤ ሾፌሩ ቁልቁለቱን ሲወርድ ስንት ታቦት እንደሚጠራና ታች ደርሶ እንዴት እንደሚጎርር። ሾፌሩ እዚያው መሪው ላይ ተቀምጦ ነበር። ጡሩምባውን ነፋ፣ ወረደ፣ ሜጋፎኗን ቀምቶ ስለ ረዳቱ እንቅልፍ መልስ ገጠመ። ዲያቆኑ በርሜሉን ሲያጅበው ገበያው ፈነዳ። ሁለቱ ተቃቅፈው እየሳቁ ወደ መኪናቸው ተመለሱ፤ ማንም በጥፊ አልተመታም። እኔ ያን ቀን ቤቴ የገባሁት እየበረርኩ ነው።

ሕጋችን በዚያው ተወለደ። አንቀበልም፤ ያለው ሰው ራሱ ይበል። ማንንም አናወድስም። ግንባራችን ላይ ብር አይለጠፍም። «ግንባራችን ለላብ ነው» ይል ነበር ክራር መቺው፣ ደባርቅ ላይ ማንን በብርድ እንደሚያልበው እንጃ እንጂ። አንድ የቀበሌ ሰው መጥቶ «ማኅበር ናችሁ ወይስ ጥቃቅንና አነስተኛ?» ብሎ ጠየቀን። ባንድ ነን አልነው። «ባንድ በየትኛው ዘርፍ ነው የሚመዘገበው?» አለ። ዲያቆኑ በቅንነት «በርሜል በሚለው ቢፈለግስ?» ብሎት ሰውየው ስቆ ሄደ።

ፓንክ መሆናችንን የነገረን አንድ ፈረንጅ ነው። ጭላዳ ዝንጀሮ ሊያይ ወደ ተራራው የሚወጣ ቱሪስት፤ ፀጉሩን ጎንና ጎኑን ተላጭቶ መሃሉን እንደ አውራ ዶሮ አቁሞታል። እኛን ሲሰማ መዝለል ጀመረ፣ ዘሎ ዘሎ የአንዲት ሴትዮ የገብስ ቁና ላይ ወደቀ። ገብሱን አብረነው ለቀምን። ከዚያ እጁን እያወናጨፈ ብዙ ነገር ተናገረ። እንግሊዝኛ የሚሞክረው ክራር መቺው ነበርና «ፓንክ ናችሁ ይላል» አለን።

«ሃይማኖት ነው?» አለ ዲያቆኑ ፈራ ብሎ።

«አይደለም። ሳይችሉ መጫወት ነው አሉ፤ ግን ሳያፍሩ።»

«እንግዲያስ ነን» አልኩ። ክራር መቺው በማግስቱ በርሜሉ ላይ በነጭ ቀለም ጻፈው።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን ችግር መጣ። በዐቢይ ጾም የቤተ ክርስቲያን ከበሮ አይመታም፤ ዲያቆናችንም በርሜሉን አልነካም አለ። «ምሳሌ የለውም ብለህ አልነበረም?» ብለው «ጾሙ አለው» ብሎ ዘጋኝ። እኔንም የንስሐ አባቴ ጠርተው «አንቺስ በጾም ትዘፍኛለሽ?» አሉኝ። «አባ፣ የእኔን ዘፈን ነው ብሎ የሚከስ ካለ ይቅረብ፤ ጩኸት ነው» አልኳቸው። ሳቃቸው አመለጣቸውና ስግደት አዘዙብኝ።

በርሜሉን ለጾሙ የወሰደልን አንድ ልብስ ሰፊ ነው። ሙስሊም ነው፤ ገበያው ጥግ በረንዳ ላይ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪናውን ይዞ ይውላል። መኪናውን ሲረግጥ ከሩቅ ሆኜ ምቱን እሰማው ነበርና እግሩን አይቼ ነው የጠየቅሁት። ዱላውን እንደያዘ አልለቀቀም። ፋሲካ ሲደርስ ዲያቆኑ ተመለሰ፣ ረመዳን ሲገባ ደግሞ ልብስ ሰፊው ወጣ። እንዲህ እየተፈራረቁ ስንት ዓመት ዘለቁ። ገበያተኛው በርሜሉን ማን እንደያዘ አይቶ የማን ጾም እንደገባ ያውቅ ነበር።

አንድ ክረምት ላይ ፍልሰታና ረመዳን ተገናኙ። ሁለቱም ቀሩ። እኔና ክራር መቺው እልህ ይዞን በዝናብ በርሜሉን እያንከባለልን ወጣን፤ ሰው ጥላ ዘቅዝቆ ያልፋል፣ እኛ እንጮኻለን፣ በርሜሉን ዝናቡ ይመታዋል። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሳልኩ። ከኖርኳቸው ቀናት ሁሉ በዚያ ቀን የምኮራውን ያህል የምኮራባቸው ጥቂት ናቸው።

እዚህ ላይ ብቻ ባቆም ደስ ባለኝ። ግን ያላኮራኝንም ልናገር።

በአምስተኛው ዓመት፣ አንድ የገበያ ቀን፣ ከጃናሞራ ነጭ ሽንኩርት ልትሸጥ የመጣች ሴት ወደ እኔ ተጠጋች። ነጠላዋ ያለቀ፣ ዕድሜዋ ከእኔ ብዙ የማይበልጥ፣ ፊቷ ግን የደከመ። ጆሮዬ ሥር ገብታ በሹክሹክታ «ተቀበይኝ፣ እኅቴ» አለችኝ። አስከትላም፦

ባሌን መሬት በላው፣ መሬቱን ወንድሙ፤
የት ሄጄ ልናገር ሰዎቹ ሲስማሙ።

ሕግ ሕግ ነው አልኩ። ሜጋፎኗን አፏ ላይ ደቀንኩና ገበያው እስኪሰማ ድረስ «ራስሽ በይው!» ብዬ ጮኽኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ከአገሯ የመጡ ሰዎችም በመካከሉ ነበሩ። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች፣ የሽንኩርት ቅርጫቷን እዚያው ጥላ በሰዉ መሃል ሹልክ ብላ ጠፋች። ሰዉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን ልዋሽ።

አባቴ ከሥራ ሲመለስ ማሲንቆውን በከረጢት አንግቶ ጥግ ላይ ቆሞ ኖሯል። መጥቶ ቅርጫቱን አነሳ፣ አጠገቧ ትሸጥ ለነበረች ሴት አደራ ሰጠና ሄደ። ቤት ስገባ ግን ጠበቀኝ።

«ያችን ሴት መቀበል ነበረብሽ» አለኝ።

«ሕጋችንን ታውቃለህ።»

«ሕግሽን ያወጣሽው ለእኔ ጉንጭ ብለሽ ነው። የእሷን ጉንጭ አላየሽም።» ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ አድርጎም አያውቅ። «እሷ ራሷ ብትለው ማታ ቤቷ ምን ይጠብቃታል? እኔ ብለው ግን አዝማሪ አለ ይባላል፣ ያልፋል። አዝማሪ የሰጪውን ስም የማይጠራ ለምን ይመስልሻል፣ አንች ልጅ? ለነጋዴው ብሎ ነውን?»

ያን ሁሉ ዓመት የአባቴን ዝምታ ፍርሃት አድርጌ ነበር የያዝኩት።

«ምን አለችሽ?» አለኝ።

ግጥሙን ነገርኩት። አንዴ ብቻ፣ በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሃል የሰማሁትን፣ አንዲት ቃል ሳልስት ነገርኩት። አባቴ ቀኝ ጆሮውን ሰጥቶ ሲሰማ ቆየና ፈገግ አለ። «አየሽ» አለኝ፣ «ተቀብለሻል።»

በሩን ደርግሜ ወጣሁ። አንድ ሳምንት አላናገርኩትም። የተናደድኩት በእሱ እንዳልሆነ እሱም ያውቀዋል።

ከዚያ በኋላ ባንዱ መሳሳት ጀመረ። ክራር መቺው ሎካል ጋይድ ሆኖ ፈረንጆች ይዞ ወደ ሰሜን ተራሮች መውጣት ጀመረ፣ ክራሩንም ይዞት ሄደ። «ማታ እሳት ዳር ክራር ይወዳሉ» አለኝ። ከሃዲ አልኩት፣ ሌላም ያልኩት አለ፤ ዛሬ ስንገናኝ እያነሳ ይስቅብኛል። ዲያቆኑ ደግሞ አገባ፣ ቀሰሰ፣ ጃናሞራ ውስጥ ላለች አንዲት የገጠር ደብር ተመደበ። ሊሰናበተን ሲመጣ ዱላዎቹን ለልብስ ሰፊው አስረከበና «በርሜሉን አደራ» አለው። በዓመቱ ደባርቅ ላይ በነጭ ጥምጥም አየሁትና መስቀል ልሳለም ጎንበስ አልኩ። ካሳለመኝ በኋላ በሁለት ጣቱ ትከሻዬን በዚያው በበርሜሉ ምት መታ መታ አድርጎኝ አለፈ።

እኔና ልብስ ሰፊው ብቻ ቀረን። ሁለት የገበያ ቀን ያለ አውታር ወጣን፤ አንድ በርሜልና አንድ ጩኸት። «ባልና ሚስት ገበያ ወጥተው ይጣላሉ» እያሉ ሳቁብን። ልብስ ሰፊው ዱላዎቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ «አውታር ያለው ሰው አንቺው ቤት አለ» አለኝ። አውቃለሁ። ያወቅሁትን ለማድረግ ግን ሌላ ሳምንት ፈጀብኝ።

አባቴን ለመንኩት። «አልገባም» አለኝ። «እናንተ አትቀበሉም። እኔ ካልተቀበልኩ ምን ልሠራ ነው? ቆሜ ልታይ?»

«ሕጉ ይቀየር» አልኩ። ይህችን ቃል ለማውጣት ምን ያህል እንደጨነቀኝ የሚያውቅ ያውቀዋል። «አፍ ያለው ራሱ ይበል። አፍ የሌለው ይስጠን፣ እንቀበላለን።»

ማሲንቆውን ይቃኝ ነበርና እጁን ገታ። «ማን አፍ እንዳለው፣ ማን እንደሌለው በምን ትለያለሽ?»

«አንተ ትለያለህ። አርባ ዓመት ያየኸው እሱን አይደል? እኔም የማስገባት አንዲት ነገር አለችኝ፤ ከእንግዲህ የሰው ስድብ ተሸክመህ በጥፊ አትመታም።»

ጭራውን ሙጫ ቀባ፣ ሞከረው፣ እንደገና ቀባው። በመጨረሻ «እስቲ እንየው» አለ።

ስድሳን ባለፈ ዕድሜው፣ በነጭ ኩታና በላስቲክ ቦት ጫማ አባቴ ባንዳችን ገባ። ያችን የስልክ መናገሪያ ክራር መቺው ትቶልን ነበርና ማሲንቆው ቆዳ ላይ ለጠፍናት። አንዴ ሲገዘግዘው የቆሙ አህዮች ደነበሩ። ይቆጣል ብዬ ስፈራ ዓይኑ በራ። «ይኼ ነገር ይጮሃልሳ!» አለና ደግሞ ደጋገመው። ሰዎች «በስተርጅና ፓንክ!» እያሉ ሲቀልዱበት «በልጅነቴማ መብራት አልነበረ» ይላቸዋል። በየገበያ ቀኑ መጀመሪያ የሚያዜመው ያችኑ የጃናሞራዋን ሴት ግጥም ነበር። የማን ናት ሲሉት «የሰማኋት ናት» ይላል፣ ሌላ ቃል አይጨምርም።

እንዲህ ቆየንና አንድ ቀን፣ በጥር፣ ያ የእህል ነጋዴ መጣ።

ወዲያው ነው ያወቅሁት። አርጅቷል፣ ከዘራ ይዟል፣ ጋቢው ግን አሁንም አዲስ ነው። ሰዉን በከዘራው ገለል ገለል አድርጎ ፊት ቆመና እጁን አነሳ። «ተቀበል!»

አባቴ መገዝገዙን ገታ። ነጋዴው የመጀመሪያውን ስንኝ ጀመረ፤ ግጥሙ ከእኛ ጥቂት እርምጃ ርቆ ጤፍ ስለሚያስጭን ሌላ ነጋዴ ነበር፤ ያ ሰውዬም ሰምቶ ቀና አለ። ሜጋፎኗን ወደ አፌ አነሳሁ። ያን ሁሉ ዓመት ያጠራቀምኩትን ልጮህበት አፌን ስከፍት አባቴ እጁን ዘረጋልኝ። «አምጪያት» አለኝ።

ሰጠሁት። ማሲንቆውን በብብቱ ይዞ፣ ሜጋፎኗን በሁለት እጁ አድርጎ፣ ለሽማግሌ እንደሚገባው ጎንበስ ብሎ አቀረበለት።

«ራስዎ ይበሉት፣ ጌታዬ።»

ነጋዴው ሜጋፎኗን አየ፣ ሰዉን አየ፣ ጤፍ የሚያስጭነውን ሰውዬ አየ። «እኔ... ድምፅ የለኝም» አለ።

«ድምፅ ከሌለዎት እኔም ትርፍ ጉንጭ የለኝም» አለ አባቴ።

ነጋዴው የአባቴን ግራ ጉንጭ ሲመለከት አይቻለሁ። አስታውሶ ይሁን፣ ሳያስታውስ፣ አላውቅም። ጋቢውን ወደ አፉ ሳብ አደረገና ዞረ። አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም ሳቀ፤ ልብስ ሰፊው በርሜሉን አንዴ ብቻ፣ ድም አደረገው። እኔ አለቀስኩ። ደባርቅ ሁሉ እያየኝ አለቀስኩ፣ አላፈርኩም። አባቴ ነው ያ ሰው፤ ያ ቦት ጫማ ያደረገው፣ ያ ማሲንቆ የያዘው፣ የእኔ አባት ነው ብዬ በሜጋፎን ልለፍፍ ምንም አልቀረኝ።

ሰዉ ሁሉ የነጋዴውን ጀርባ ሲያይ፣ ከሽንኩርት ተራ በኩል አንዲት ሴት ወደ እኛ መጣች። ያቺው ናት። ስንት የገበያ ቀን እዚያ ተቀምጣ የራሷን ግጥም ስትሰማ እንደኖረች እሷ ትወቅ። በአባቴ ግራ በኩል ቆማ «አባቴ፣ ይቀበሉኝ» አለች። አልሰማትም። ደገመች። ያን ጊዜ ዘንበል ብሎ ቀኙን ሰጣት፣ ማን እንደሆነች ገባውና በማሲንቆው ደጋን ወደ እኔ አመለከታት። «ለእሷ ስጫት።»

አየችኝ። እንዳልረሳችኝ ከዓይኗ ገባኝ። ሜጋፎኗን መሬት አስቀመጥኳት፣ እንዳትፈራኝ። ሁለቱንም እጆቼን ወደ ኋላ አድርጌ ጆሮዬን አስጠጋሁላት። ሁለት ስንኝ ሰጠችኝና ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

እስክትቀመጥ ጠበቅሁ። ጀርባዬን ለሽንኩርት ተራው ሰጠሁ፣ ሜጋፎኗን አነሳሁ። ማሲንቆው ቀደመኝ፣ በርሜሉ ተከተለ፣ እኔም ከንፈርሽን ብቻ አንቀሳቅሺ በተባልኩበት በዚያ ድምፅ፣ ሳላጎድል ሳልጨምር ተቀበልኩ፦

ዝም አለች ብላችሁ አትከፋፈሉኝ፤
እኔም አፍ አገኘሁ፣ እንግዲህ ስሙልኝ።

ከጃናሞራ ከመጡት ሰዎች አንዱ ወደ እኔ ገፍቶ መጣ። ፊቱ ተለዋውጧል። «ማን ናት የሰጠችሽ?» አለኝ።

ጉንጬን አላዞርኩም። «አዝማሪ የሰጪውን ስም አይጠራም» አልኩት።